በእጅ ይጻፍ የነበረው ጋዜጣ ታሪክና ለትምህርት ቤቶች ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ጎጃም የሚያቀና መንገደኛ የዐባይን በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን በሸፈርታክ ተሻግሮ፣ የወዲያኛውን ዳገት ሲጨርስ የሚቀበለው የደጀን ከተማ ነው። ዛሬ ይህን ሸለቆ መኪና በጥቂት ሰዓት ያቋርጠዋል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ግን ዐባይ በክረምት ሲሞላ ሰውም፣ ከብትም፣ ወሬም በየዳርቻው ይታገድ ነበር። በሸዋ የተነገረው ነገር በጎጃም፣ በጎጃም የሆነው ነገር በሸዋ የሚሰማው ውሃው ሲጎድል ነበር። ስለዚህ ስለ ጋዜጣ ታሪክ ለሚጠይቅ ሰው ደጀን ጥሩ መነሻ ትሆናለች። የጋዜጣ ጉዳይ ከሁሉ በፊት የወሬ መሻገር ጉዳይ ነውና።

ጋዜጣ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የማተሚያ መኪና ነው። በዚህም የተነሣ መኪናው በሌለበት ቦታ ጋዜጣ ሊኖር እንደማይችል ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አስተሳሰብ በትምህርት ቤቶች ውስጥም ይታያል። የማባዣ መሣሪያ የለም፣ ቀለም አልቋል፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል በሚል ምክንያት የተማሪዎች ጽሑፍ ሥራ ሲቆም ማየት የተለመደ ነው። ታሪክ የሚያስረዳው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ጋዜጦች የወጡት በብዕርና በእጅ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእነዚህ ጋዜጦች አጀማመር፣ የተደገፉበት የጽሕፈት ባህል፣ በሌላው ዓለም ካሉ መሰሎቻቸው ጋር ያላቸው ተዛምዶ፣ እንዲሁም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚያስተላልፉት ቁም ነገር በቅደም ተከተል ይቀርባል። «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያልተደረገባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ከጋዜጣ በፊት የነበረው የወሬ መተላለፊያ

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት ኢትዮጵያ ወሬ የማስተላለፊያ ሥርዐት ያልነበራት አገር አልነበረችም። የመንግሥት ትእዛዝ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይታወጅ ነበር። አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ሲናገር፣ በገበያው የተገኘውን ሰው ሁሉ የወሬው ተሸካሚ አድርጎ መሾሙ ነበር። ከላይ ወደ ታች ለሚወርደው ቃል ነጋሪት ሲያገለግል፣ ከታች ወደ ላይ ለሚወጣው ደግሞ የእረኛ ግጥም፣ የአዝማሪ ዜማና የአልቃሽ ሙሾ ያገለግሉ ነበር። መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁት የሕዝቡን ስሜት ከዚያ ያገኙት ስለ ነበረ ነው።

የዚህ ሥርዐት ትዝታ በስም ሳይቀር ቆይቷል። መንግሥት ሕጎቹን የሚያውጅበት የታተመ ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሏል። ከበሮውና ወረቀቱ በአንድ ስም ተጣመሩ ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል ራሱ የሚነግረው ታሪክ አለ። «ጋዜጣ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን፣ መነሻው በቬኒስ ከተማ ይሠራበት የነበረ አነስተኛ ገንዘብ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት በቬኒስ የነጋዴና የመርከብ፣ የጦርነትና የሹመት ወሬ በእጅ እየተጻፈ ለደንበኞች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ በአውሮፓም ቢሆን በእጅ የተጻፈው የወሬ ወረቀት የታተመውን ጋዜጣ ቀድሟል።

ይሁን እንጂ በቃል የሚተላለፈው ወሬ ሁለት ጉድለቶች ነበሩት። አንደኛ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር ይለወጣል። ሁለተኛ፣ የሚነገርበት ቀን የተወሰነ አይደለም። አዋጁ የሚታወጀው ነገር ሲኖር ነው፤ አዝማሪውም የሚዘፍነው ግብዣ ሲያገኝ ነው። ጋዜጣ ከእነዚህ የሚለየው ቃሉን በጽሑፍ በማጽናቱና በታወቀ ቀን ተመልሶ በመምጣቱ ነው። ለዚህ ደግሞ ጸሐፊ ያስፈልጋል።

2. የቁም ጸሐፊው ሙያና የቅኔው ልማድ

በጸሐፊ በኩል ኢትዮጵያ ድሀ አልነበረችም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የቁም ጽሕፈት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። የፍየል ቆዳ ታጥቦ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች ተቀምሞ ይዘጋጃል። ቀዩ ቀለም ለአርእስትና ለከበሩ ስሞች ይጠበቃል። ብዕሩ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። ገጹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይከፈላል። ዛሬ የጋዜጣ ክፍል «ዓምድ» የሚባለው በዚሁ የብራና ቃል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ሕግ አለመሳሳት ነው። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ ከራሱ አንዲት ቃል ሊጨምር ወይም ሊቀንስ አይፈቀድለትም። ከተሳሳተ ይፍቃል፤ ከዘለለ በመስመር መካከል ይጨምራል። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ሲጠናቀቅ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ቁም ጸሐፊው የሚጽፈው ለነገ ሳይሆን ለዘመናት ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን፣ በተለይ በጎጃም፣ ሌላ ልማድ ነበረ፤ አሁንም አለ፤ እርሱም የቅኔ ትምህርት ነው። ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ዝና ከጎጃም አልፎ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። የቅኔ ሕግ ከቁም ጽሕፈት ሕግ ጋር ፈጽሞ ተቃራኒ ነው። ተማሪው የሚያቀርበው ቅኔ የዕለቱ፣ የራሱና አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም፣ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ባለቅኔው በዓሉን፣ ባለሥልጣኑን፣ የዘመኑን ድርቅ ወይም ጥጋብ እየመረመረ በሰምና ወርቅ ይቀኛል። በዚህ ረገድ ቅኔ የዕለት ጉዳይን የሚመለከት የአስተያየት ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ቅኔ በአብዛኛው በቃል የሚቀርብ ስለሆነ፣ አድማጭ በልቡ ካልያዘው በቀር ከተባለበት ዐውደ ምሕረት አይወጣም።

እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ደብር ግቢ፣ ሁለት ሙያዎች ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። አንደኛው ሳይሳሳት የሚገለብጥ እጅ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነገር የሚያመነጭ አንደበት ነው። ጋዜጣ የሚወለደው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ግንኙነት የታየው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ነው።

3. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጡ የእጅ ጽሑፍ ጋዜጦች

እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ የሐማሴን ተወላጅ የሆኑት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም በእጃቸው የተጻፉ ወረቀቶችን በአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመሩ። በወረቀቶቹ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ወሬና ግጥም የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ኅብረተሰቡ ከዘመኑ ሥልጣኔ ጋር እንዲራመድ የሚመክርና የሚወቅስ ነበር። ቅጂው 50 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ቁጥሩ ለዛሬ አንባቢ እጅግ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ማንበብ የሚችል ሰው በጣት በሚቆጠርበት፣ ያነበበውም ለቤተሰቡና ለባልንጀሮቹ ጮክ ብሎ በሚያነብበት ዘመን ግን አንዲት ቅጂ የብዙ ሰዎች ነበረች። ጽሑፉ በግጥም መሆኑም አንዱ ብልሃት ነበር። ግጥም በልብ ይያዛልና ወረቀቱ ቢጠፋ ቃሉ አይጠፋም።

ከዚህ ጥቂት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ እንድርያስ ካቫዲያ የተባለ የግሪክ ተወላጅ በአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። ስሙን «አእምሮ» ያሉት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ጋዜጣው አራት ገጽ ያለው ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። አንባቢዎቹም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች አስተውሎ መመልከት ያስፈልጋል። አራት ገጽ በ24 ቅጂ ሲባዛ 96 ገጽ ይሆናል። ይህም ማለት ለአንድ ሳምንት እትም 96 ገጽ በእጅ መጻፍ ነበረበት ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ 96 ገጽ ይጠብቃል። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ የያዘውን ሥራ ዛሬ ባይጨርስ ነገ ይቀጥላል፤ የጋዜጣ ጸሐፊ ግን ቀኑ ካለፈበት የጻፈው ወሬ ይሻግታል። ስለዚህ በእጅ የሚጻፈው ጋዜጣ የብራናውን ሙያ ወስዶ በአዲስ ጥድፊያ ውስጥ አስገባው። የተነባቢነቱ ወሰንም ከአሳብ እጥረት ሳይሆን ከእጅ ድካም የመጣ ነበር። ኋላ የማባዣ መሣሪያ በተገኘ ጊዜ የ«አእምሮ» ቅጂ ወደ 200 ከፍ ማለቱ ይህንኑ ያረጋግጣል። ጋዜጣው ከዚያ በኋላ አንዴ ሲቋረጥ፣ አንዴ ሲቀጥል ቆይቶ በማተሚያ መኪና ለመታተም በቅቷል።

በዚህ ጊዜ የማተሚያ መኪና ለኢትዮጵያ ምድር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1863 በምጽዋ አንድ የላዛሪስት ሚሲዮናዊ ማተሚያ አቋቁሞ ነበር። በሐረርም የካፑሲን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀምረዋል። በአዲስ አበባ ግን ማተሚያው በሚገባ ተደራጅቶ ለአማርኛ ጋዜጣ የተረጋጋ መሠረት የሆነው ቆይቶ ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ ሲመጡ ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልመጡም። በየሳምንቱ ጋዜጣ የመጠበቅን ልማድ፣ የመንግሥትን ጉዳይ በወረቀት ላይ የማየትንና በጽሑፍ የመተቸትን ድፍረት 24 ቅጂዎችና 50 ቅጂዎች አስቀድመው አለማምደዋል።

4. የኡርዱ ጋዜጦች ተመሳሳይነትና ልዩነት

የእጅ ጽሕፈት ጋዜጣ በኢትዮጵያ የመሸጋገሪያ ጊዜ ክስተት ሲሆን፣ በሕንድ ክፍለ አህጉር ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ባህል ሆኗል። በሙጋል ነገሥታት ዘመን በየአውራጃው የተመደቡ ወሬ ጸሐፊዎች የሰሙትንና ያዩትን በእጃቸው እየጻፉ ወደ ቤተ መንግሥት ይልኩ ነበር። በኡርዱ ቋንቋ የመጀመሪያው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1822 በካልካታ ሲወጣም የእጅ ጸሐፊው ሙያ አልቀረም። ምክንያቱ የፊደሉ ጠባይ ነው። ኡርዱ የሚጻፍበት ነስታሊቅ የተባለው የአጻጻፍ ስልት ፊደላቱ እርስ በርስ ተያይዘው ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራተቱ የሚወርዱበት፣ የእያንዳንዱ ፊደል ቅርጽም እንደ ጎረቤቱ የሚለዋወጥበት ነው። ይህን በእርሳስ በተቀረጸ የማተሚያ ፊደል ማሳየት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ «ካቲብ» የሚባለው ጸሐፊ ገጹን በእጁ ይጽፋል፤ የጻፈውም በድንጋይ ላይ፣ በኋላ ዘመን ደግሞ በብረት ሰሌዳ ላይ ተላልፎ ይታተማል። የኡርዱ ዕለታዊ ጋዜጦች በኮምፒዩተር ወደሚለቀም ፊደል መሸጋገር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1981 «ጃንግ» የተባለው የፓኪስታን ጋዜጣ በላሆር ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያም በኋላ በሕንድ በቼናይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው «ሙሳልማን» የተባለ ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ በካቲቦች እጅ መጻፉን በመቀጠሉ በዓለም ታውቋል። በዚህ ጋዜጣ አንዱን ገጽ ለመጻፍ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመጨረሻ ሰዓት ለሚደርስ ወሬም በፊት ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ሁለቱን ባህሎች ማነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። የቼናዩ ካቲብ አራቱን ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል፤ ማብዛቱ የመኪናው ሥራ ነው። የ«አእምሮ» ጸሐፊ ግን አራቱን ገጽ 24 ጊዜ ይጽፍ ነበር። በኡርዱ እጅ ያስፈለገው ፊደሉ ከመኪናው ጋር ስላልተስማማ ነው። በግዕዝ ፊደል በኩል ይህ ችግር አልነበረም። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የሚቆም በመሆኑ፣ 33ቱ በሰባት ተባዝተው 231 ከዲቃሎቻቸው ጋር ቢበዙም፣ በብረት ለመቀረጽ አልከበዱም። በግዕዝ ፊደል መዝሙረ ዳዊት በሮም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። በኢትዮጵያ እጅ ያስፈለገው መኪናው በአገሩ ስላልነበረ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት መኪናው ሲገባ የእጅ ጋዜጣው ወዲያው ተተወ፤ ካቲብን የመሰለ የታወቀ የጋዜጣ ጽሕፈት ሙያም ሳይፈጠር ቀረ። ቁም ጸሐፊው ወደ ብራናው ተመለሰ፤ ጋዜጣውም ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

5. ጋዜጣው ዐባይን ለምን አልተሻገረም?

ከላይ የተገለጸው ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። የቁም ጽሕፈትና የቅኔ ሙያ በጎጃም ይህን ያህል ከደረጀ፣ በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ ለምን በደብረ ማርቆስ ወይም በዲማ አልተጀመረም?

በጎጃም ወቅታዊ ነገርን በጽሑፍ የማስፈር ችሎታ አልነበረም ለማለት አይቻልም። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በደብረ ማርቆስ ያደጉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። የጎጃምን ታሪክ፣ የዘመናቸውን ሹማምንት፣ ጦርነትና ችግር በአማርኛ በሰፊው ጽፈዋል። ብዙው ነገር ያዩትና በቅርብ የሰሙት ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፋቸው በእጅ ጽሑፍነት ቆይቶ በመጽሐፍ መልክ ለብዙ አንባቢ የቀረበው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የጎደለው የጸሐፊው ዐይን ወይም እጅ አልነበረም።

የጎደሉት ሦስት ነገሮች ይመስላሉ። የመጀመሪያው የታወቀ ቀን ነው። ታሪክ ጸሐፊ ዘመኑ ሲያልፍ ይጽፋል፤ ጋዜጠኛ ግን ቀኑ ሳያልፍ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው የሚጠብቅ አንባቢ ነው። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱ፣ የውጭ አገር ልዑካንና ነጋዴዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለ ነበሩ፣ በ24 ቅጂ ወሳኙን አንባቢ ማግኘት ይቻል ነበር። በጎጃም አንባቢው በየደብሩና በየገዳሙ ተበታትኖ ይኖር ነበር፤ መንገዱም የበቅሎና የእግር ነበር። ሦስተኛው ደግሞ የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው። የጽሕፈት ሙያ ለማያልፈው ቃል የተለየ ክብር ስለ ነበረ፣ ለሚያልፍ ወሬ ማዋል እንደ ማባከን ይታይ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። የሚገለብጠው እጅ በአንድ ወገን፣ የሚያመነጨው አንደበት በሌላ ወገን ቀሩ፤ ሳይገናኙም ዘመኑ አለፈ።

ይህ ነጥብ ለትምህርት ባለሙያ ከታሪክነት በላይ ነው። በብዙ ክፍሎች ዛሬም ተመሳሳይ መለያየት ይታያልና። ተማሪው ሰሌዳ ላይ ያለውን ሳይሳሳት ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ይህም መልካም ነው። በመንገድ፣ በገበያና በቤቱ ያየውንም በቃል አሳምሮ ይተርካል፤ ይህም መልካም ነው። ያየውን በራሱ ቃል፣ ለእውነተኛ አንባቢ፣ በታወቀ ቀን እንዲጽፍ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የአንድ ገጽ ድርሰት ሲጽፍም አንባቢው መምህሩ ብቻ ነው፤ መምህሩም የሚያነበው ስሕተት ለማረም ነው።

6. የትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የግድግዳ ጋዜጣ አዲስ ነገር አይደለም። የሥነ ጽሑፍና የሚኒ ሚዲያ ክበባት በየጊዜው ሲያዘጋጁት ቆይተዋል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረና ኋላም ወደ 15 ቋንቋዎች ከተስፋፋ ወዲህም፣ አዲስ ማንበብ የተማረ ሰው የሚያነበው ነገር ካላገኘ የተማረውን እንደሚረሳ ግልጽ ሆኗል። ሆኖም የግድግዳ ጋዜጣ በብዙ ቦታ ለበዓል ጊዜ ብቻ የሚዘጋጅ፣ ከመጻሕፍት የተቀዱ ጥቅሶችና ምክሮች የሚለጠፉበት ጌጥ ሆኖ ይገኛል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ቁም ጽሕፈት እንጂ ጋዜጣ አይደለም። ጋዜጣ እንዲሆን ከተፈለገ ከታሪኩ የሚከተሉትን መውሰድ ይቻላል።

ሀ) ቀኑ የተወሰነ ይሁን። ጋዜጣው በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ ከሰልፍ በኋላ፣ ይለጠፍ። አንድ ገጽ ብቻ ቢሆንም ቀኑን መጠበቁ ይበልጣል። አንባቢ የሚፈጠረው በመጠን ሳይሆን በቋሚነት ነው።

ለ) ወሬው የአካባቢው ይሁን። በደጀንና በአካባቢዋ ላለ ትምህርት ቤት የጤፍ ዋጋ ከፍና ዝቅ ማለት፣ የዝናቡ አጀማመር፣ የምንጩ መጉደል፣ በዐባይ በረሃ መንገድ ላይ የሚደርሰው የመሬት መንሸራተት፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ድሮው የወንዝ መሻገሪያ የሚያጫውቱት ሁሉ ወሬ ነው። ተማሪው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴትና ለምን ብሎ መጠየቅን የሚለማመደው በእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ሐ) ሥራው ይከፋፈል። በአንድ ሳምንት አምስት ተማሪዎች ቢመደቡ፣ አንዱ አዘጋጅ፣ ሁለቱ ወሬ ሰብሳቢዎች፣ አንዱ አራሚ፣ አንዱ ጸሐፊ ሊሆኑ ይችላሉ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በ12 ሳምንት ውስጥ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ጽሕፈቱ ያማረ ተማሪ ብቻ ሁልጊዜ እንዳይጽፍ፣ ንግግር የሚችለውም ብቻ ሁልጊዜ ወሬ እንዳይሰበስብ ኃላፊነቱ እየተለዋወጠ መሰጠት ይኖርበታል። እጅና አንደበት በአንድ ተማሪ ውስጥ መገናኘት አለባቸውና።

መ) ማረም ከመለጠፍ በፊት ይሁን። ቁም ጸሐፊው ያወረሰው ትልቅ ነገር ለትክክለኛነት ያለው ክብር ነው። ይህ ክብር ከሆሄያት አልፎ ወደ ፍሬ ነገሩ መዛወር አለበት። የሰው ስም፣ ቁጥርና ቀን ሁለት ጊዜ ሳይጣራ አይጻፍ። በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ የጻፈው ሰው በእጅ ጽሑፉ ስለሚታወቅ፣ ኃላፊነት ከማንኛውም ሕትመት በበለጠ ይሰማዋል።

ሠ) መምህሩ አይቅደም። የጋዜጣው ቃል የተማሪው ሆኖ፣ መምህሩ በጥያቄ ብቻ እንዲረዳ ያስፈልጋል። መምህር የጻፈው፣ ተማሪ የገለበጠው ጋዜጣ የድሮውን መለያየት መልሶ ያጸናዋል።

ረ) አንድ ቅጂ ይቀመጥ። የግድግዳ ወረቀት በየሳምንቱ ተቀዶ ይጣላል። ብራናን ዘመናት ያሻገረው የቆዳው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በዕቃ ቤት የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እትም በሁለት ቅጂ ቢጻፍ፣ አንዱ ይለጠፋል፤ ሁለተኛው በቤተ መጻሕፍቱ በመዝገብ እየተሰፋ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ መዝገብ ስለ ወረዳው ዋጋ፣ ዝናብ፣ በሽታና ኑሮ በሌላ ቦታ የማይገኝ የታሪክ ምንጭ ይሆናል፤ ለታሪክና ለኅብረተሰብ ሳይንስ ትምህርትም የማስተማሪያ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል።

በዚህ ረገድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ዕጩ መምህር ራሱ በእጁ ጋዜጣ አዘጋጅቶ የማያውቅ ከሆነ ተማሪዎቹን ሊመራ አይችልም። በቋንቋ ማስተማር ዘዴ ትምህርት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ መንፈቅ ዓመት ዕጩዎች ሳምንታዊ የእጅ ጽሑፍ ጋዜጣ እንዲያወጡ ቢደረግ፣ ልምዱን ይዘው ወደየገጠር ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። ለዕቅድ አውጪዎችም ጉዳዩ ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ቀለም፣ ሰሌዳ፣ መደርደሪያና፣ ከሁሉ በላይ፣ በሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ ውስጥ የተከለለ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታጣው የመጨረሻው ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጪ እንዲሠራ የተተወ ሥራ፣ ከብት የሚጠብቀውንና ውሃ የምትቀዳውን ተማሪ አስቀድሞ ያገልላልና።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ የአማርኛ ጋዜጣ በእጅ ተጀመረ። ብላታ ገብረ እግዚአብሔር 50 በሚሆኑ ወረቀቶች፣ «አእምሮ» ደግሞ በ24 ቅጂዎች ያሳዩት ነገር፣ መኪና እስኪመጣ ሳይጠብቁ መጻፍ እንደሚቻል ነው። የኡርዱ ካቲቦች ታሪክም የእጅ ጽሕፈት ከዘመናዊ ሕትመት ጋር ጎን ለጎን ሊኖር እንደሚችል ያስረዳል። በአንጻሩ የጎጃም ታሪክ የሚያስተምረው፣ ጥሩ ጸሐፊና ጥሩ ተናጋሪ መኖራቸው ብቻ ጋዜጣ እንደማያስገኝ ነው። የሚያገናኛቸው የታወቀ ቀንና የሚጠብቅ አንባቢ ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት እነዚህን ሁለቱን በቀላሉ ሊያቀርብ ይችላል። ቀኑን የክፍለ ጊዜው ሠንጠረዥ ይወስነዋል፤ አንባቢውም በየማለዳው በበሩ ይገባል። የመሣሪያ እጥረት ባለባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ጋዜጣ የሚጓደልበት ምክንያት በአመዛኙ የመሣሪያው እጥረት ሳይሆን ሥራው በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ የታወቀ ቦታ አለማግኘቱ መሆኑ ሊጤን ይገባል። ይህን ቦታ መስጠት የትምህርት ባለሥልጣኖችና የመምህራን የጋራ ተግባር ነው።